ኩፖን ደርቦ መድኃኒት መግዛት፦ የትኛው ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ3 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉኝ። እናቴም በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። አንዱ ሲድን ሌላው ይታመማል። የሳል፣ የአለርጂ፣ የራስ ምታት መድኃኒት መግዛት ሰለቸኝ፤ ወጪውም ከበደኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ኩፖን ደርበሽ ግዢ እንጂ፣ እኔ እኮ በነፃ ነው የማገኘው» አለችኝ። እኔም ለአለርጂ መድኃኒት አንድ ከጋዜጣ የቆረጥኩትን፣ አንድ ደግሞ ፋርማሲው አፕ ላይ ያገኘሁትን ኩፖን ይዤ ሄድኩ። ካሸሯ አንዱን ብቻ ተቀበለች። ለምን ስላት «ሲስተሙ አይቀበልም» ብላ ዝም አለች። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ። ምን አጥፍቼ ነው? ደግሞስ እንዲህ ማድረግ ሕጋዊ ነው?

ግራ የገባት እናት

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በመጀመሪያ ዕፍረቱን ተይው። ያደረግሽው ማጭበርበር አይደለም። ኩፖን ደርቦ መጠቀም ትልልቆቹ ፋርማሲዎች በኩፖን መመሪያቸው ላይ ጽፈው የፈቀዱት ነገር ነው። ካሸሯም አልዋሸችሽም፤ ሲስተሙ በእርግጥ አይቀበልም። ምክንያቱን ግን ልትነግርሽ ይገባ ነበር።

ምክንያቱ ሁለቱም ኩፖኖችሽ የሚከፈሉት ከአንድ ኪስ መሆኑ ነው።

አንዱ ዓይነት ኩፖን የሚወጣው መድኃኒቱን ከሚሠራው ኩባንያ ነው። ላዩ ላይ «ማኑፋክቸረር ኩፖን» ተብሎ ተጽፎበታል። ፋርማሲው 3 ዶላር ሲቀንስልሽ ገንዘቡ ከእሱ አይጎድልም። ኩፖኑን ሰብስቦ ይልካል፣ ኩባንያው 3ቱን ዶላር ከትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ይመልስለታል። ታዲያ ኩባንያው ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ኩፖን ከተቀበለ ኪሳራው የሱቁ ይሆናል። ማሽኑ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ሌላው ዓይነት የሱቁ ኩፖን ነው። ቅናሹን ፋርማሲው ከራሱ ይሸከመዋል። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ላይ አንድ የኩባንያ ኩፖንና አንድ የሱቅ ኩፖን አብረው ይሄዳሉ። ሁለት የኩባንያ ኩፖን ግን አይሄድም። አንዱ ወረቀት፣ ሌላው ስልክ ላይ መሆኑ ምንም አይለውጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አፑ የሱቁ ስለሆነ ኩፖኑም የሱቁ ነው» ብሎ ያስባል። አፑ ግን ሁለቱንም ቀላቅሎ ነው የሚያሳየው። ኩፖኑን ነካ አድርጊና ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። «ማኑፋክቸረር» የሚል ካለበት የኩባንያው ነው። አንቺ ላይ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል። ሌላም ነገር አለ። ዲጂታሉን ኩፖን አንዴ ክሊፕ ካደረግሽው፣ ማለትም አፑ ላይ ነክተሽ ከመረጥሽው፣ ስልክ ቁጥርሽን ስታስገቢ ማሽኑ ራሱ ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ብትሰጪ ማሽኑ አይቀበለውም። ስለዚህ ወረቀቱ የተሻለ የሚቀንስ ከሆነ ዲጂታሉን ክሊፕ አታድርጊ። ሁለት ፓኬት የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ አንዱን በወረቀቱ፣ ሌላውን በዲጂታሉ መግዛት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

በእነዚህ በሁለቱ ላይ የሚደረቡ ሌሎችም አሉ። አንደኛው ሱቁ ለቀጣይ ግዢ የሚሰጠው ሽልማት ነው። ሲቪኤስ «ኤክስትራባክስ» ይለዋል፣ ዎልግሪንስ ደግሞ «ዎልግሪንስ ካሽ»። ዛሬ የተሰጠሽን በሌላ ቀን እንደ ገንዘብ ትከፍይበታለሽ። ጊዜው ካለፈበት ግን ጠፋ ማለት ነው። ሌላው እንደ አይቦታ ያለ ገንዘብ መላሽ አፕ ነው። ገዝተሽ ከወጣሽ በኋላ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ትልኪለታለሽ። ይሄ ካሸሩን አይመለከትም፤ ሱቁም አያግድሽም። አንዳንዱ ቅናሽ ግን «ከሌላ ኩፖን ጋር አይሆንም» ስለሚል ከመግዛትሽ በፊት ዝርዝሩን እይ።

ደቃቁን ጽሑፍ ካነሳን፣ ሁለት ሐረጎችን ለይተሽ እወቂ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከእነሱ ነው። «አንድ ኩፖን ፐር ፐርቸስ» የሚለው ለአንድ ዕቃ አንድ ኩፖን ማለት ነው። ሦስት ፓኬት ከገዛሽ ሦስት ተመሳሳይ ኩፖን መጠቀም ትችያለሽ። «ፐር ትራንዛክሽን» ካለ ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ አንድ ብቻ ነው፤ ፓኬቱ ቢበዛም ለውጥ የለውም። ከዚያ ቀጥሎ የፍሬውን ብዛት ተመልከቺ። ኩፖኑ «30 ፍሬና ከዚያ በላይ» ካለ በ24 ፍሬው ፓኬት ላይ አይሠራም። ብዙዎቹ ኩፖኖች «ከትራያል ሳይዝ በስተቀር» ይላሉ፤ ትንሿን የጉዞ ፓኬት ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ባልደረባሽ ያልነገረችሽ ነገር እዚህ ላይ አለ።

አንድ ታዋቂ የአለርጂ መድኃኒት፣ 30 ፍሬው 20 ዶላር ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። የኩባንያው ኩፖን 5፣ የሱቁ 3 ዶላር ቀነሰልሽ። 12 ከፈልሽ። ለሚቀጥለው የሚሆን የ4 ዶላር ሽልማት ሰጡሽ። ሽልማቱን በእርግጥ ከተጠቀምሽበት 8 ዶላር አወጣሽ ማለት ነው፤ አንዱ ፍሬ 27 ሳንቲም ገደማ መጣ። ደስ ይላል። ከአጠገቡ ግን ሱቁ በራሱ ስም የሚሸጠው 90 ፍሬ በ15 ዶላር ተቀምጧል። ያለ ምንም ኩፖን አንዱ ፍሬ 17 ሳንቲም ገደማ ነው። ኩፖን አላሳደድሽም፣ ሰልፍ ላይ አልተከራከርሽም፣ ግን የተሻለ ገዛሽ።

«የሱቁ እኮ ይደክማል» የሚል ወሬ በእኛ ሰው ዘንድ በጣም ተስፋፍቷል። ልክ አይደለም። ፓኬቱን ገልብጪና «ድራግ ፋክትስ» የሚለውን ሳጥን እይ። መጀመሪያ የሚጻፈው መድኃኒቱን መድኃኒት ያደረገው ንጥረ ነገርና መጠኑ ነው። ዚርቴክ ማለት ሴቲሪዚን 10 ሚሊ ግራም ነው። ክላሪቲን ማለት ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም ነው። አድቪል አይቡፕሮፌን 200 ሚሊ ግራም ነው። የሱቁ ፓኬት ላይ ይኸው ስምና ይኸው መጠን ካለ ሥራው አንድ ነው። የሚለያየው ቀለሙ፣ ጣዕሙና ማሸጊያው ነው። ብራንዱን የምመክርሽ ኩፖኑ ተደርቦ የአንዱ ፍሬ ዋጋ ከሱቁ በታች ሲወርድ ብቻ ነው። ይሄም ያጋጥማል፣ በተለይ የአለርጂ ወቅት ሲገባ ኩባንያዎቹ ኩፖን በብዛት ስለሚያወጡ። መደርደሪያው ላይ ያለው ትንሽ የዋጋ ወረቀት ብዙ ጊዜ የአንዱን ፍሬ ዋጋ ይነግርሻል። ከሌለ በስልክሽ አካፍዪው።

የሱቁ ኩፖን በሱቁ ምርት ላይም እንደሚሠራ አትርሺ። «ከጠቅላላ ግዢሽ 20 ፐርሰንት» የሚል ሲልኩልሽ ለዚህ አስቀምጪው። አስቀድሞ ቅናሽ የተደረገባቸውን ዕቃዎች ብዙ ጊዜ አይጨምርም፣ ስለዚህ መደበኛ ዋጋ ላይ ያለውን ምረጪ። በአባልነት የሚገዛበት ኮስትኮ ደግሞ የኩባንያ ኩፖን ጭራሽ አይቀበልም። ቢሆንም የአለርጂ ክኒኑ በፍሬ ሲሰላ በጣም ርካሽ ነው፤ አባል የሆነ ዘመድ ካለሽ አስገዢው።

ለልጆችሽ የምትገዢው ላይ ለየት ያለ ነገር ልንገርሽ። የሕፃናት ታይሌኖልና የልጆች ታይሌኖል ተብለው በሁለት ጠርሙስ ይሸጣሉ። የሕፃናቱ ትንሽ ጠርሙስ ሆኖ በሚሊ ሊትር ሲሰላ ይወደዳል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ጥንካሬው አንድ ነው፦ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም። ድሮ ይለያይ ነበር፣ ከ2011 ጀምሮ ግን አምራቾቹ አንድ አድርገውታል። ጥንካሬውን ጠርሙሱ ላይ አንብበሽ አረጋግጪና የልጆቹን ግዢ። መጠኑን በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ለኪ፤ የሾርባ ማንኪያ ሳይሆን የመድኃኒት ሲሪንጅ ተጠቀሚ። ሲሪንጅ ከሌለሽ ፋርማሲስቷን ጠይቂያት።

የሳል ሽሮፕን ግን ለ3 ዓመቱ ልጅሽ በኩፖንም ሆነ ያለ ኩፖን አትግዢ። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የልጆች የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ላይ «ከ4 ዓመት በታች አይሰጥ» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ስለሆነ ትንሽ ማር ለሳሉ ይረዳዋል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ሐኪም ጋር ደውይ።

ሌላም ብርሽን የሚበላ መድኃኒት አለ። ለአፍንጫ መታፈን የሚሸጡ ብዙ ክኒኖች ውስጥ ያለው ፌኒልኤፍሪን ነው። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) አማካሪ ኮሚቴ መረጃውን መርምሮ በአፍ ሲወሰድ አይሠራም ብሏል። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ኤፍዲኤ ራሱ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። ጉዳት ስላለው አይደለም፣ ስለማይጠቅም ነው። በእንዲህ ያለ ክኒን ላይ 4 ዶላር የሚቀንስ ኩፖን ቢሰጡሽ ቀሪውን ገንዘብ በከንቱ ከፈልሽ ማለት ነው። የሚሠራው ሱዶኤፌድሪን ነው፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ዲ» ያለባቸው የአለርጂ መድኃኒቶች ውስጥም አለ። እሱ ከካውንተር ጀርባ ስለሚቀመጥ መታወቂያ አሳይተሽ፣ ፈርመሽ ነው የምትወስጂው። ሕጉ በቀን ከ3.6 ግራም፣ በ30 ቀን ደግሞ ከ9 ግራም በላይ መግዛት ይከለክላል። «ሁለት ሲገዙ» የሚል ኩፖን ኖሮሽ ሁለተኛውን ፓኬት ቢከለክሉሽ ከካሸሩ ጋር አትከራከሪ፤ ሕጉ ነው።

አሁን ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ኩፖን ብዙ እንድትገዢ ይገፋፋል። ሌላ ዕቃ ቢሆን ምንም አይደለም። የሳሙና ክምር ማንንም አይጎዳም። የመድኃኒት ክምር ግን ሁለት ልጆችና አንዲት አዛውንት ያሉበት ቤት ውስጥ አደጋ ነው።

ትልቁ አደጋ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ስም መውሰድ ነው። እናትሽ ፓራሲታሞል ያውቃሉ። እዚህ አገር አሴታሚኖፌን ይባላል፤ ታይሌኖል ማለት እሱው ነው። ናይኩዊልና ዴይኩዊል ውስጥም አለ፣ ቴራፍሉ ውስጥም፣ ኤክሴድሪን ውስጥም አለ። እናትሽ ለራስ ምታት ሁለት ባለ 500 ታይሌኖል ወስደው፣ ማታ ለጉንፋን 30 ሚሊ ሊትር ናይኩዊል ቢጠጡ፣ 650 ሚሊ ግራም ሌላ ጨመሩበት። እሳቸው ሁለት የተለያየ መድኃኒት የወሰዱ ይመስላቸዋል። ለአዋቂ በቀን ከ4,000 ሚሊ ግራም ማለፍ አይገባም፤ ባለ 500ው ታይሌኖል ላይ ደግሞ በቀን ከ3,000 እንዳያልፍ ተጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ለድንገተኛ የጉበት መድከም ዋነኛው ምክንያት ከመጠን ያለፈ አሴታሚኖፌን ነው። አድቪልና አሊቭም አብረው አይወሰዱም። ስማቸው ቢለያይም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። እቤት ባሉት ፓኬቶች ላይ በአማርኛ ምንነታቸውንና መጠናቸውን በማርከር ጻፊባቸው። እናትሽ እንግሊዝኛውን ማንበብ ካልቻሉ ይሄ ከማንኛውም ኩፖን ይጠቅማችኋል።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ የምትገዢው፣ ጊዜው ሳያልፍ በእርግጥ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ይሁን። ቅናሽ የወጣበት ዕቃ አንዳንዴ ጊዜው የቀረበ ስለሚሆን ቀኑን እይ። ለአገር ቤት ሰው የምትልኪም ከሆነ ከፓኬቱ አውጥተሽ በፌስታል አትላኪ፤ ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ ያለው ፓኬቱ ላይ ነው። ማስቀመጫው ደግሞ መታጠቢያ ቤት አይሁን፣ እርጥበቱ ያበላሸዋል። ከፍ ያለና ልጆች የማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ፈልጊለት።

ሕጋዊ ነው ወይ ላልሽው፣ በመመሪያው መሠረት መደረብ ሕጋዊ ነው። ሕገ ወጥ የሚሆነው ኩፖን ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ የተሠራለትን ትቶ በሌላ ዕቃ ላይ ለማሳለፍ መሞከር ወይም የተጭበረበረ ኩፖን እያወቁ መጠቀም ነው። ኩፖን በገንዘብ መግዛትም ኩፖኑ ላይ በተጻፈው ውል የተከለከለ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «በነፃ የሚያስገኝ» እየተባለ በፎቶ ከሚዘዋወረው ራቂ። እውነተኛ የኩባንያ ኩፖን ምንጩ ይታወቃል፦ ጋዜጣው፣ የኩባንያው ድረ ገጽ፣ የሱቁ አፕ ወይም ፓኬቱ ራሱ። ባልደረባሽ በነፃ አገኘሁ ያለችው ውሸት ነው አልልም። ኩፖን፣ ሽልማትና ገንዘብ መላሽ አፕ አንድ ሳምንት ላይ ሲገጣጠሙ ይሆናል። ግን ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ ልጅሽ ዛሬ ማታ ትኩሳት ካለው እስኪገጣጠሙ አትጠብቂም።

ከኩፖን ውጪ የሚቆጥቡልሽ ነገሮችም አሉ። አንቺ ወይም ባለቤትሽ በሥራ በኩል ለሕክምና ወጪ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሒሳብ (ኤፍኤስኤ ወይም ኤችኤስኤ) ካላችሁ፣ ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት በእሱ መክፈል ይቻላል። ታክስ ያልተቆረጠበት ገንዘብ ስለሆነ ብዙ ያግዛል። በኩፖንም ላይ ይደረባል፤ ማስመለስ የምትችይው ግን ከኩፖኑ በኋላ ከኪስሽ የወጣውን ብቻ ነው። ደረሰኙን አስቀምጪ። ልጆቹ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች የሚሆን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ላይ ከሆኑ ደግሞ ሐኪማቸውን «የአለርጂውን መድኃኒት በማዘዣ ሊጽፉልን ይችላሉ?» ብለሽ ጠይቂ። በብዙ ስቴቶች ሐኪም ከጻፈው ያለ ማዘዣ የሚሸጠውንም ይሸፍናል፤ ያኔ ኩፖን አያስፈልግሽም። በኢቢቲ ካርድ የሚሰጠው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ (ስናፕ) ግን መድኃኒት አይገዛም። ታክሱን በተመለከተ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እንዲህ ባለ መድኃኒት ላይ የሽያጭ ታክስ አያስከፍሉም፤ ደረሰኙ ላይ ካየሽ ጠይቂ። እንደ ካሊፎርኒያ ባለ ታክስ በሚያስከፍል ስቴት ያለች ሌላ አንባቢ ግን የኩባንያ ኩፖን ታክሱን እንደማይቀንስላት ትወቅ፤ የሚቀንሰው የሱቁ ኩፖን ነው።

በሚቀጥለው ስትሄጂ የሱቁን የኩፖን መመሪያ ከድረ ገጹ አውጥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂጂ። ዕቃው ከመመታቱ በፊት ለካሸሯ «አንድ የኩባንያና አንድ የሱቅ ኩፖን አለኝ» በያት። እንቢ ካለች መመሪያውን አሳይተሽ ማናጀር በትሕትና አስጠሪ። ከኋላሽ ያለው ሰው ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። ማናጀሩም እንቢ ካለ ዕቃውን ተይው፤ የመጨረሻው ውሳኔ የእነሱ ነው፣ ያንቺም አለመግዛት ነው።

እናትሽ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ለእሳቸው ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት ፋርማሲስቷ ጋር ውሰጃቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአገር ቤት ያመጡትንም ጭምር፣ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ሱዶኤፌድሪን ግፊት ይጨምራል። አይቡፕሮፌንም ግፊት ያሳድጋል፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ደግሞ ደም ያስፈስሳል። ለዚህ ምክር ቀጠሮም ሆነ ኢንሹራንስ አይጠየቅም፣ ክፍያም የለውም። አስተርጓሚ ካስፈለገ በስልክ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ ብዙ ፋርማሲዎች አማርኛ የሚናገር ሰው በስልክ ማቅረብ ይችላሉ።